ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከሜዳ እስከ አፍሪካ መሪነት

 እኔ ያለሁት እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ነው። ሙቀቱ በረድ ሲል ልጆች ኳስ ይዘው ይወጣሉ፤ እኛ ትልልቆቹ ደግሞ ዳር ቆመን ስለ እንግሊዝ ቡድኖች እንከራከራለን። ዛሬ ግን ስለ ራሳችን ሰው፣ ስለ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ላውራችሁ። ዘመኑን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የዓለም ዋንጫዎቹን ብቻ በለመዳችሁት በፈረንጆቹ እጠራለሁ።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914፣ በዕለተ እንቁጣጣሽ፣ ጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ ናቸው። የልጃቸው ልብ ግን ያረፈው ኳስ ላይ ነበር።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በታኅሣሥ 1928 ሲመሠረት የጣልያን ጦር አገራችን ገብቶ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ አበባም ተያዘች። በወረራው ዘመን ነጩ ለብቻው፣ ሐበሻው ለብቻው ነበር የሚጫወተው። የክለቡን ስም እንኳ ጣልያኖቹ ቀይረውት ነበር። አቶ ይድነቃቸው ጉርምስናቸውን ያሳለፉት በዚህ ውስጥ ነው። በገዛ አገር ሜዳ ላይ ተለይቶ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ማንም አላስተማራቸውም፤ ራሳቸው አይተውታል። ለጊዮርጊስ 23 ዓመት በአጥቂነት ተጫውተው በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳስቆጠሩ ይነገራል።

ጣልያን ከወጣ በኋላ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ከማን ጋር ይመስላችኋል? ከጅቡቲ ጋር ነው! ያኔ ይህች አገር የፈረንሳይ ሶማሌላንድ ትባል ነበር። ኅዳር 1940 አዲስ አበባ ላይ ተገናኝተው ኢትዮጵያ 5 ለ 0 አሸነፈች። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኛቸው ባቡሩ ብቻ አይደለም፤ ኳሱም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የካቲት 1949 ካርቱም ላይ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ካፍን፣ ሊመሠርቱና የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ሊጫወቱ ተሰበሰቡ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እንጂ የተቀላቀለ አልልክም አለች። ኢትዮጵያን ከወከሉት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ሦስቱ አገሮች ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች።

እስቲ አስቡት። ገና በተወለደ ማኅበር፣ ከአራት አባል አንዱን ማስወጣት ቀላል አይደለም። ውድድሩ ሁለት ጨዋታ ብቻ ሆኖ ቀረ። ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈችና በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ዋንጫው ቢያንስም መርሁ አልተሸረፈም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ውድድሩ አዲስ አበባ መጣ። አሰልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ጥር 13 ቀን 1954፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ከግብፅ ጋር ለፍጻሜ ተገናኘን። ሁለት ጊዜ ተመርተን ሁለቴም አቻ ሆንን፤ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አስቆጠሩና 4 ለ 2 አሸነፍን። ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ የኢታሎ ወንድም ነው። አባታቸው ጣልያናዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት ናቸው። በጣልያን ወረራ ያደጉት አሰልጣኝ የጣልያናዊ ልጅ አምበል ያደረገ ቡድን ይዘው ዋንጫ በሉ! ሉቺያኖ በደርግ ዘመን እንደ እኛው ተሰዶ ቀሪ ዕድሜውን ጣልያን አገር ኖረ።

ከዚያ የመጣው ፈተና የባሰ ነበር። ለ1966 የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ አንድም የራሷ ቦታ አልሰጠም፤ የአፍሪካ አሸናፊ ከሌላ አህጉር አሸናፊ ጋር ተጫውቶ እንዲያልፍ ወሰነ። የአፍሪካ አገሮች ይህን ተቃውመው በሙሉ ቀሩ። ግንባር ቀደም ከነበሩት መካከል የጋናው ኦሄኔ ጃንና አቶ ይድነቃቸው ይገኛሉ። ዋጋውን የከፈሉት ግን ተጫዋቾቹ ናቸው። ያ የ1954 ወርቃማ ትውልድ እንግሊዝ ለመሄድ የመሞከር ዕድል እንኳ አላገኘም። እኔ ይህን ሳስብ ያመኛል፤ የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነዋ። ቢሆንም ፍሬው አልዘገየም። ለ1970 ለአፍሪካ አንድ ቦታ ተሰጠ፤ ለ1982 ደግሞ ሁለት ሆነ።

በ1964 አቶ ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ። አገር ቤት ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣም እሳቸው ከቦታቸው አልተነሱም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው አሥራ አምስት ዓመት መሩ። በ1968 ፊፋ የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ሙሉ በሙሉ አባረረ። ካርቱም ላይ በሦስት አገር የተጀመረው እምቢታ ከ19 ዓመት በኋላ የዓለም ውሳኔ ሆነ ማለት ነው።

አቶ ይድነቃቸው በ65 ዓመታቸው፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979፣ በቡሄ ዕለት አረፉ። ቀጥሎ የሆነውን አላዩም። በ1988 ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን ዋንጫ በራሷ ሜዳ አዘጋጅታ፣ ነጩና ጥቁሩ በአንድ ማልያ ተሰልፈው፣ ማንዴላ ቆመው እያዩ አሸነፈች። ካርቱም ላይ የተጠየቀችው ይህንኑ ነበር።

ወገኖቼ፣ በየካምፑ ቡድን እንደምትመሠርቱ አውቃለሁ። ኳስ ባይኖር በጨርቅ፣ ጫማ ባይኖር በባዶ እግር ትጫወታላችሁ። አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ልጁ ሲመጣ ከየት ወገን እንደሆነ ሳይሆን በየትኛው ቦታ እንደሚጫወት ጠይቁት።