ለኖቤል የበቃው፣ ለዶክትሬት ያልበቃው

የሕግ ተማሪ ሳለሁ በቅድሚያ ከተማርኳቸው ነገሮች አንዱ፣ ሰነድ የአንድ ሐቅ ማስረጃ እንጂ ራሱ ሐቁ አለመሆኑን ነው። ይህን እያወቅሁ በአንድ መሥሪያ ቤት የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ፣ አመልካቹ ምን እንደሠራ ሳልጠይቅ የዲግሪውን ኮፒ ሳገላብጥ የዋልኩባቸው ቀናት አሉ። ያ ነገር ሲቆጨኝ የማስታውሰው ላርስ ኦንሳገርን ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦንሳገር በ1903 በዛሬዋ ኦስሎ ተወለዱ። በ1925 ከኖርዌይ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ከትሮንድሃይም፣ በኬሚካል ምሕንድስና ተመረቁ። በዚያው ዓመት ዙሪክ ሄደው ስመ ጥሩውን ሳይንቲስት ፒተር ዴባይን አገኙና፣ በውኃ የሟሙ ጨዎች ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያስተላልፉ የቀመሩት ንድፈ ሐሳብ ስህተት እንዳለበት ነገሯቸው። ዴባይ አልተቀየሙም። ወጣቱን ረዳታቸው አድርገው ቀጠሩት።

በ1928 አሜሪካ ተሻግረው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ተማሪዎችን ኬሚስትሪ ማስተማር ጀመሩ። የሚሉት ግን ለተማሪው አልገባውም፤ ከአንድ ሴሚስተር በኋላ ተሰናበቱ። እዚህ ላይ ዩኒቨርሲቲውን አልወቅስም። የተመዘነው ሥራቸው ነበር፤ በማስተማር በኩል ደግሞ ደካማ ነበሩ።

ቀጥሎ የተቀበላቸው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ነው። ታላቁን ሥራቸውን በ1931 ያሳተሙት እዚያ ሳሉ ነው። ሙቀትና ኤሌክትሪክ በአንድ ብረት ውስጥ አብረው ሲፈሱ አንዱ ሌላውን ይገፋል። ኦንሳገር እነዚህ ሁለት ግፊቶች በአግባቡ ሲለኩ እኩል መሆናቸውን፣ የእኩልነቱም ምንጭ የአቶሞች የእንቅስቃሴ ሕግ ጊዜ ወደፊትም ወደኋላም ቢሄድ አለመለወጡ መሆኑን አስረዱ። ሥራውን ለዶክትሬት ማሟያ ለትሮንድሃይም አቀረቡ። ተቋሙ በቂ አይደለም ብሎ መለሰው።

በ1933 የኢኮኖሚው ቀውስ ከብራውን አስወጣቸው። የል ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ላላቸው ተመራማሪዎች የሚሰጠውን ቦታ ሰጣቸውና፣ ዶክተር አለመሆናቸውን ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጽሑፍ አቅርበው ዲግሪውን እንዲወስዱ ተጠየቁ። ያቀረቡት ግን የኬሚስትሪ መምህራኑ ሊመዝኑት ያልቻሉት የሒሳብ ድርሳን ሆነ። የሒሳብ ሊቁ አይናር ሂሌ አነበቡትና፣ ኬሚስትሪ ዶክትሬቱን ካልሰጠ የሒሳብ ክፍል በደስታ እንደሚሰጥ አሳወቁ። ኬሚስትሪ ከዚያ በኋላ አላመነታም፤ በ1935 ዶክተር ተባሉ።

በ1944 ማግኔት ሲሞቅ ማግኔትነቱን የሚያጣበትን ሁኔታ የሚገልጸውን የአይሲንግ ሞዴል በሁለት አቅጣጫ በተዘረጋ ሠንጠረዥ ላይ ያለ ግምት፣ በትክክለኛ ስሌት ፈቱ። በ1945 የየል የቲዎሬቲካል ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆኑ። ትሮንድሃይም በ1960 የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በ1968 ደግሞ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ፤ የተሸለሙበትም ሥራ ያው ለዶክትሬት አይበቃም የተባለው ነበር።

በ1976 አርፈው ኒው ሄቨን ከተማ፣ ከባልደረባቸው ከጆን ከርክዉድ አጠገብ ተቀበሩ። የከርክዉድ መቃብር ላይ የሽልማቶቻቸው ዝርዝር በረድፍ ተቀርጿል። በኦንሳገር ድንጋይ ላይ ከስማቸው ቀጥሎ ያለው ፕሮፌሰርነታቸውና ኖቤላቸው ብቻ ነው። ልጆቻቸው ቆይተው ከኖቤሉ ጎን አንዲት ኮከብ፣ ከግርጌ ደግሞ ወዘተ የሚል ቃል አስቀረጹበት።

ዲግሪ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ እኔም በዲግሪዬ ነው እንጀራ የበላሁት። እኚህን ሰው ያቆያቸው ግን ዴባይ የተማሪ ልጅ ትችት መስማታቸው፣ ሂሌም የቀረበላቸውን ወረቀት ቁጭ ብለው ማንበባቸው ነው። እኔ በዚያ ኮሚቴ ውስጥ ሳለሁ ያላደረግሁት ይህንኑ ነበር። ኮፒ አገላበጥኩ እንጂ አላነበብኩም፤ የማይገባኝንም ነገር ሊያነብልኝ የሚችል ሰው አልፈለግሁም። በዚያ ምክንያት ማንን እንዳሳለፍን ዛሬም አላውቅም።