የገና ሰሞን መናፍስትና የሕፃናት አልጋዎች

ቻርልስ ዲከንስን ብዙዎቻችን የምናውቀው በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው። እኔ ግን ደህና አድርጌ የተዋወቅሁት ሐኪም ከሆንኩ በኋላ፣ ስለ ሕፃናት ሆስፒታሎች ታሪክ ሳነብ ነው። በዚህ የምሩቃን መጽሐፋችን ላይ ስለ እሱ መጻፍ የፈለግኩትም ለዚሁ ነው።

ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1812 በእንግሊዝ አገር በፖርትስመዝ ተወለደ። የ12 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በዕዳ ታሰሩ፤ እሱም ለንደን ውስጥ በአንድ የጫማ ቀለም ፋብሪካ የቀለም ዕቃ ላይ ወረቀት እየለጠፈ ይውል ጀመር። ያ ጊዜ ዕድሜ ልኩን ከውስጡ አልወጣም።

በ1843 በፋብሪካ ስለሚሠሩ ሕፃናት የወጣውን የመንግሥት ሪፖርት ሲያነብ በጣም ተቆጣ። መጀመሪያ በራሪ ጽሑፍ ሊያሳትም አስቦ ነበር፤ በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። በአገሩ በገና ሰሞን፣ በብርዱ ወራት ረጅም ሌሊት፣ እሳት ዳር ተቀምጦ የመናፍስት ተረት ማውራት የቆየ ልማድ ነው። ሪፖርት የማያነበው ሰው ሁሉ ተረቱን ይሰማል። ታዲያ በስድስት ሳምንት ገደማ «የገና መዝሙር»ን ጻፈ። መጽሐፉ ዲሴምበር 19 ወጣ፤ 6,000ው ቅጂ እስከ ገና ዋዜማ አለቀ።

በታሪኩ ውስጥ ስስታሙን ስክሩጅን መናፍስት በሌሊት እየመጡ ያስጨንቁታል። እኔን እንደ ሐኪም የሚያስፈራኝ ግን መንፈሱ አይደለም፤ የትንሹ ቲም ባዶ ወንበርና ባለቤት ያጣው ምርኩዙ ነው። የልጁ በሽታ ስም አልተጠቀሰም። እኛ ሐኪሞች ሪኬትስ ነው፣ የኩላሊት ነው እያልን እንከራከራለን። ዲከንስ የነገረን ግን ቲም የሚድነው ገንዘብ ያለው ሰው እጁን ከዘረጋ መሆኑን ነው።

ከዚያ በኋላ ገና በመጣ ቁጥር አንባቢ ከእሱ ይጠብቅ ነበር። እስከ 1848 አራት ተጨማሪ የገና መጻሕፍት አወጣ፤ ቀጥሎም በሚያዘጋጃቸው መጽሔቶች ልዩ የገና እትሞች ላይ ጻፈ። በ1865 ስቴፕልኸርስት አጠገብ ከደረሰ የባቡር አደጋ ተርፎ ቁስለኞችን ረዳ፤ በዓመቱ የገና እትም ላይ ስለ አንድ የባቡር ምልክት ሰጪና ስለሚታየው መንፈስ የጻፈው ታሪክ እስከ ዛሬ ያስደነግጣል።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ ልምጣ። ዶ/ር ቻርልስ ዌስት በ1852 በለንደን ግሬት ኦርመንድ ጎዳና ላይ የሕፃናት ሆስፒታል ሲከፍቱ የነበረው 10 አልጋ ብቻ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ገንዘብ አጠረ። ዲከንስ በፌብሩዋሪ 1858 በእርዳታ ማሰባሰቢያ እራት ላይ ንግግር አደረገ፤ በዚያች ምሽት ከ3,000 ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። በኤፕሪል ደግሞ ያንኑ የገና ታሪኩን ለሆስፒታሉ ሲል በአደባባይ አነበበ። ጎረቤት ያለው ቤት ተገዛ፤ አልጋው ከ20 ወደ 75 አደገ።

ጻድቅ ነበር ማለቴ አይደለም። በዚያው ዓመት የ10 ልጆቹን እናት ትቶ ተለያየ፤ በአደባባይም አሳፈራት። የሞተው ጁን 9 ቀን 1870፣ የባቡር አደጋው በደረሰ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ በ58 ዓመቱ ነው።

እኛም አልጋ ሲጎድለን ቁጥር ደርድረን ደብዳቤ እንጽፋለን። ቁጥሩ ይቅር አልልም፤ ግን ከቁጥሩ ጎን አንድ ልጅ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ለአንባቢው ይታየው።