መዝገበ ቃላቱን በእጁ የገለበጠ እስረኛ

ለእንግሊዝኛ የንባብ ፈተና የምንዘጋጅ ተማሪዎች ሁሉ አንድ የጋራ ችግር አለብን፤ ይኸውም የቃላት እጥረት ነው። ምንባቡ ሲቀርብልን ከየዐረፍተ ነገሩ ሁለትና ሦስት ቃል እየዘለልን እንወርዳለን፤ ከመጨረሻው ስንደርስ ግን የጨበጥነው ፍሬ ነገር ጥቂት ነው። ይህንኑ ችግር ከእኛ በባሰ ሁኔታ ቀምሶ ያሸነፈ ሰው ስላለ፣ ታሪኩን ለጓደኞቻችን ማካፈል ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። እርሱም ማልኮም ኤክስ ነው።

ማልኮም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኦማሃ ከተማ ተወለደ። አባቱ በ1931 ሞተ፤ እናቱም በ1939 የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። ልጁ በትምህርቱ ብርቱ ነበር። ዳሩ ግን ጠበቃ ለመሆን እንደሚመኝ በተናገረ ጊዜ፣ መምህሩ ይህ ለጥቁር ልጅ የማይሆን ሐሳብ ነው ብሎ አናጢነትን መከረው። ማልኮምም ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርቱን ትቶ የከተማ ዱርዬ ሆነ፤ በ1946 ቤት ሰብሮ በመስረቅ ተፈርዶበት በ20 ዓመቱ ወህኒ ወረደ።

በቻርልስታውን ወህኒ ቤት ቤምብሪ የሚባል በዕድሜ የሚበልጠው እስረኛ አገኘ። ያ ሰው በጉልበቱ ሳይሆን በንግግሩና በዕውቀቱ የተከበረ ስለ ነበር ማልኮም ቀናበት። በ1948 ወደ ኖርፎክ እስር ቤት ሲዛወር ሰፊ ቤተ መጻሕፍት ጠበቀው፤ ነገር ግን መጽሐፉን ሲገልጥ አብዛኛው ቃል ባዕድ ሆነበት። ለኤላይጃ ሙሐመድ ደብዳቤ ለመጻፍ ሲቀመጥም፣ በመንገድ ላይ አንደበተ ርቱዕ የነበረው ሰው ሐሳቡን በወረቀት ማስፈር ተሳነው።

ስለዚህ መዝገበ ቃላት፣ ደብተርና እርሳስ ጠየቀ። የትኛውን ቃል ማስቀደም እንዳለበት ስላላወቀ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ከነነጥቡ ገለበጠው። በኋላ እንደ ተረከው ይህ አንድ ገጽ ሙሉ ቀን ፈጅቶበታል። የጻፈውንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ለራሱ ደጋግሞ አነበበ፤ በማግሥቱም የዘነጋውን ተመልሶ አየ። ከዚያ ገጽ እስከ መጨረሻው ያልረሳው አርድቫርክን ነው፤ ይኸውም በአገራችን አዋልዲጌሳ የምንለው ምስጥ በል አውሬ ነው። እንዲህ እያለ ከገጽ ወደ ገጽ፣ ከፊደል ወደ ፊደል ተሻገረ።

ቃሉን ካጠራቀመ በኋላም አላስቀመጠውም። የታሪክና የፍልስፍና መጻሕፍትን ያነብ ጀመር፤ ማታ በ4 ሰዓት መብራት ሲጠፋ ከመተላለፊያው በምትገባው ጭላንጭል ያነባል፤ ዘበኛ ሲመጣ የተኛ መስሎ ይቆይና ሲያልፍ ይቀጥላል። በእስር ቤቱ የክርክር ክበብ ደግሞ ያነበበውን በአንደበቱ ፈተነው።

በ1952 ከእስር ወጣ። በታኅሣሥ 1964 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር መድረክ ቆሞ ተከራከረ። በዚያው ዓመት፣ በ1963 በአዲስ አበባ የተመሠረተውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አርአያ አድርጎ የአፍሮ አሜሪካውያንን አንድነት ድርጅት አቋቋመ። የካቲት 21 ቀን 1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኒው ዮርክ በጥይት ሲገደል ገና 39 ዓመቱ ነበር።

እኛ ዛሬ መዝገበ ቃላቱን በሙሉ መገልበጥ አያስፈልገንም፤ አዋልዲጌሳም ለፈተና አይመጣ ይሆናል። በ2000 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመው የአካዳሚ ቃላት ዝርዝር፣ በትምህርት መጻሕፍት የሚዘወተሩ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለይቶ አቅርቧል። ማልኮም ያላገኘው ምርጫ ለእኛ ተመርጦልናል ማለት ነው። ነገር ግን ዝርዝሩን ሸምድዶ ወደ ፈተና መሮጥ አይበቃም። ማልኮም ጻፈ፤ ጮኾ አነበበ፤ በማግሥቱ ከለሰ፤ ቃሉን በመጽሐፍ ውስጥ እንደገና አገኘው፤ በክርክርም ተጠቀመበት። ከእነዚህ አምስቱ አብዛኞቻችን የምናደርገው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ የሸመደድነውም ፈተናው ባለፈ ሳምንት ይጠፋል። እርሱ ፈተና አልነበረበትም፤ የሚናገረው ጉዳይ ግን ነበረው። እኛም በእንግሊዝኛ ልናነበው የምንሻውን አንድ መጽሐፍ ዛሬ መርጠን፣ ቃላታችንን ከእርሱ መልቀም ብንጀምር ይበጀናል እንላለን።