ማጭድን ያሳረፈው ሳይረስ ማኮርሚክ

ስንዴ ከደረሰ በኋላ ለአርሶ አደሩ የሚተርፈው ጊዜ አጭር ነው። ቀኑ ካለፈ ፍሬው ይረግፋል፤ ያለወቅቱ ዝናብ ከጣለም ማሳ ላይ እንዳለ ይበላሻል። ከ200 ዓመት በፊት በአሜሪካም ችግሩ ይኸው ነበር። ገበሬው የሚዘራው ማረስ የቻለውን ያህል ሳይሆን በእጁ አጭዶ ማንሳት የሚችለውን ያህል ነበር። ይህን ማነቆ በመፍታት ስማቸው ከሚነሳ ሰዎች ግንባር ቀደሙ ሳይረስ ማኮርሚክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማኮርሚክ በ1809 በቨርጂኒያ ግዛት ሮክብሪጅ በተባለ አካባቢ ተወለደ። አባቱ ሮበርት ገበሬ ሲሆን ብረታ ብረትም ይሠራ ነበር። በፈረስ ጉልበት የሚያጭድ መሣሪያ ለመሥራት ለዓመታት ቢደክምም አልሰመረለትም። በ1831 ልጁ በ22 ዓመቱ ሥራውን በሌላ ዘዴ ጀመረው፤ በዚያው ዓመት የአጨዳ ወቅትም መሣሪያውን በአካባቢው ማሳ ላይ ለጎረቤቶቹ አሳየ። በሥራው አብሮት የደከመው ጆ አንደርሰን በቤተሰቡ ዘንድ በባርነት ይኖር የነበረ ጥቁር ሰው ነው። የአንደርሰን ስም ለረጅም ዘመን ሳይነሳ ቆይቷል። ከዓመታት በኋላም የማኮርሚክ ወንድም ሊያንደር የፈጠራው ባለቤት አባታችን ነው ብሎ ተከራክሯል።

መሣሪያው ዛሬ ኮምባይነር ፊት ላይ ከምናየው ብዙም አይርቅም። ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ጥርሳም ስለት፣ አገዳውን ደግፈው የሚይዙ የብረት ጣቶች፣ ሰብሉን ወደ ስለቱ የሚያጎነብስ ተሽከርካሪ ጎማ እና የታጨደው የሚወድቅበት መድረክ ነበረው። ጉልበቱን የሚያገኘው መሬት ላይ ከሚሽከረከረው ትልቅ ጎማ ነው። አንድ ሰው በጎን እየሄደ የታጨደውን ከመድረኩ ላይ በመንሽ ያወርዳል፤ ሌሎች ተከትለው ነዶ ያስራሉ።

ማኮርሚክ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1834 ነው። ኦቤድ ሃሲ የተባለ ሌላ ሰው ግን በ1833 መጨረሻ የራሱን ማጨጃ አስመዝግቦ ቀድሞት ነበር፤ የሁለቱ ፉክክር ለዓመታት ዘለቀ። ቤተሰቡ በመሃሉ የገባበት የብረት ማቅለጥ ሥራ በ1837 ከተከሰተው የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ከስሮ ዕዳ ውስጥ ከተተው። ማጨጃውም ቶሎ ገበያ አላገኘም፤ በ1842 ሰባት፣ በ1843 ደግሞ 29 ብቻ ተሸጡ።

ማኮርሚክ ሰፊው የስንዴ መሬት ያለው በኮረብታማው ቨርጂኒያ ሳይሆን በምዕራቡ ሜዳ መሆኑን ተረዳ። በ1847 ያኔ ገና ትንሽ ከተማ በነበረችው ቺካጎ ፋብሪካ ከፈተ። በቀጣዩ ዓመት የፈጠራ መብቱ እንዲራዘምለት ቢጠይቅም ተከለከለ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ተመሳሳይ ማጨጃ መሥራት ቻለ። በ1850ዎቹም ማኒ የተባለውን ተፎካካሪውን ከስሶ ተረታ።

ከገበያ ያላስወጣው የሽያጭ አሠራሩ ነው። ዋጋውን ቁርጥ አድርጎ አሳወቀ፤ ለመሣሪያው የጽሑፍ ዋስትና ሰጠ፤ በየአካባቢው ወኪል አስቀምጦ መለዋወጫ አቀረበ። ገበሬው የተወሰነ ቅድሚያ ከፍሎ ማጨጃውን ይወስድና ቀሪውን ምርቱን ከሰበሰበ በኋላ ከነወለዱ ይከፍላል። በእጁ ጥሬ ገንዘብ ያልነበረው ገበሬ የማሽን ባለቤት የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

በ1851 በለንደን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ማጨጃው ከፍተኛ ሜዳሊያ አገኘ። በ1871 ቺካጎን ያወደመው ታላቅ እሳት ፋብሪካውንም በላው። ማኮርሚክ ያኔ 62 ዓመቱ ነበር፤ ከሥራ ከመሰናበት ይልቅ እንደገና ገነባው። በ1884 በዚያችው ከተማ ሞተ።

ማኮርሚክ የሠራው ማጨጃ እንጂ አጭዶ የሚወቃ ኮምባይነር አይደለም። ሁለቱን ሥራ ያጣመረ መሣሪያ በ1830ዎቹ ሚሺጋን ውስጥ የሠራው ሃይራም ሙር ነው። የማኮርሚክ ኩባንያ ግን በ1902 ከሌሎች ጋር ተዋህዶ ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር ሆነ። ይህ ኩባንያ በ1977 አክሲያል ፍሎው የተባለውን ሮታሪ ኮምባይነር ለገበያ አቀረበ፤ ኒው ሆላንድ ባለ ሁለት ሮተሩን ያወጣው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው።

በመደበኛው ኮምባይነር ሰብሉ በአግድም በተቀመጠ ከበሮ ከተወቃ በኋላ ገለባው በሚርገበገቡ ወንፊቶች ላይ እየተራገፈ ይወጣል። በሮታሪው ግን ሰብሉ በረጅም ሮተር ዙሪያ ደጋግሞ እየተጠማዘዘ ይታሻል፤ መውቃቱና ፍሬን ከገለባ መለየቱም እዚያው ይከናወናል። ፍሬው የሚለየው በድንገተኛ ምት ሳይሆን በመታሸት በመሆኑ ስብራቱ ይቀንሳል፤ የሚንቀሳቀሱት ክፍሎችም ያነሱ ናቸው። በሌላ በኩል ደረቅ ገለባን የበለጠ ያደቅቃል። ገለባን ለከብት መኖ ለሚያከማች አርሶ አደር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ የኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት የማሽኑን ዓይነት መጠየቅ ይበጀዋል።

ለወረዳ ባለሙያዎችና ኃላፊዎችም የማኮርሚክ ሕይወት የሚነግረው አለ። ማጨጃው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ እንኳ አሥር ዓመት ያህል ገዢ አጥቷል። በብዙ ገበሬ ማሳ ላይ የደረሰው ብድር፣ ዋስትና እና መለዋወጫ ከቀረቡለት በኋላ ነው። ኮምባይነር ወደ ቀበሌ ሲገባም የአጨዳው ቀን ሳይደርስ መጠየቅ ያለባቸው እነዚሁ ናቸው፤ ማሽኑ ቢሰበር መለዋወጫው የት ይገኛል? ጥገናውን የሚሠራው ማን ነው? አርሶ አደሩስ ክፍያውን የሚፈጽመው መቼ ነው?