ጆን ዊትቢ አለን

ጆን ዊትቢ አለን (ሰኔ 25 ቀን 1905 ዓ.ም. – ታኅሣሥ 28 ቀን 1965 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1913 – ጃንዋሪ 6 ቀን 1973) አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺና የሞዴል ባቡር ሠሪ ነበር። በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሞንትሬይ ከተማ፣ በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ የገነባው «ጎሪ ኤንድ ዲፊቲድ» የተባለ የሞዴል ባቡር መስመር በግለሰብ ቤት ከተሠሩት ሁሉ እጅግ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ ነው። መስመሩ አለን ከሞተ ከ10 ቀን በኋላ አብዛኛው በእሳት ወድሟል። ሆኖም የአሠራር ዘዴዎቹ በጽሑፎቹና በፎቶግራፎቹ አማካይነት ወደ ሌሎች ሠሪዎች ተላልፈዋል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የሕይወት ታሪክ

አለን የተወለደው በሚዙሪ ግዛት በጆፕሊን ከተማ ነው። በልጅነቱ የያዘው የሩማቲክ ትኩሳት ልቡን ስለ ጎዳው ዕድሜውን ሙሉ ጤናው የተሟላ አልነበረም። ሙያው ፎቶግራፍ ማንሳት ነበር። ከመዋዕለ ንዋይ በሚያገኘው ገቢ በቁጠባ መኖር ስለቻለ፣ በሞንትሬይ አብዛኛውን ጊዜውን ለሞዴል ባቡር ሥራ አዋለ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ለሞዴል ባቡር መጽሔቶች በርካታ ጽሑፎችን አበርክቷል። ቫርኒ ለተባለው የሞዴል ባቡር አምራች ኩባንያም የማስታወቂያ ፎቶግራፎችን አንስቷል። በእነዚህ ፎቶግራፎች ምክንያት ሞንትሬይን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ሥራውን ሊያውቁት ችለዋል።

ጎሪ ኤንድ ዲፊቲድ

የመስመሩ ስም ቀልድ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የሁለት ከተሞች ስም ይመስላል፤ ድምፅ ተሰጥቶት ሲነበብ ግን በደም የተጨማለቀና የተሸነፈ የሚል ትርጉም ያለው ሐረግ ይሆናል።

ባቡሮቹ የተሠሩት ከእውነተኛው ባቡር በ87 እጥፍ አንሰው ነው። በዚህ መጠን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ፉርጎ ወደ 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። መስመሩ በሦስት ደረጃ አድጓል። የመጀመሪያው 2 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ1 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ወርድ ብቻ ነበረው። ሁለተኛው ከዚያ የሰፋ ነበር። ሦስተኛውና የመጨረሻው በ1950ዎቹ ተጀምሮ የመኖሪያ ቤቱን ምድር ቤት ሞላው። አለን የመጀመሪያውን ትንሽ መስመር አላፈረሰውም፤ የትልቁ አካል አድርጎ አስገባው።

በዚያ ዘመን ብዙ ሠሪዎች ሐዲዱን በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከበስተጀርባው ሥዕል ይሰቅሉ ነበር። አለን ግን ተራሮቹን ከወለል እስከ ጣሪያ አቆማቸው። በገደሎቹ መካከል ረጃጅም ድልድዮችን ዘረጋ። ክፍሉ ሰፊ ሆኖ እንዲታይ ሁለት ብልሃቶችን ይጠቀም ነበር። አንደኛው፣ ከተመልካቹ የሚርቁትን ነገሮች ከሚቀርቡት አሳንሶ መሥራት ነው፤ ዓይን ያነሰውን ነገር የራቀ አድርጎ ስለሚያይ ጥቂት ሜትር ብዙ ኪሎ ሜትር ይመስላል። ሁለተኛው መስታወት ነው፤ በተገቢው ቦታ ሲደበቅ መንገዱም ሕንፃውም እጥፍ ሆኖ ይታያል።

ሌላው የሚታወቅበት ነገር እርጅናን መሥራቱ ነው። ሞዴል ባቡር ከፋብሪካ የሚወጣው አብረቅራቂ ሆኖ ነው። አለን በሞተሮቹ ላይ ጥላሸት፣ በፉርጎዎቹ ላይ ዝገትና አቧራ፣ በሕንፃዎቹ ግድግዳ ላይ የደበዘዘ ቀለም ይሠራ ነበር። ይህ ልማድ በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ እንዲስፋፋ ከፍተኛ አስተዋጽኦ አድርጓል። ቀልዱንም አልተወም፤ ኤማ የተባለች የዳይኖሰር ሞዴል እንደ ባቡር ሞተር ፉርጎዎችን ትጎትት ነበር።

አሠራርና ብልሽት

አለን መስመሩ ለዓይን ብቻ እንዲሆን አልፈለገም። ጓደኞቹ እየተሰበሰቡ እንደ እውነተኛ የባቡር ሠራተኞች ሥራ ይከፋፈሉ ነበር፤ ባቡሮቹም ጭነት ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እንደሚያደርሱ ሆነው ይንቀሳቀሱ ነበር። ይህ ዓይነቱ አሠራር የሐዲዱን ጥራት ይፈትናል። አንድ ባቡር ብቻውን ሲዞር የማይታወቅ ጉድለት ብዙ ባቡሮች በአንድ መስመር ሲተላለፉ ወዲያው ይገለጣልና፤ አንዱ ከቆመ የሌሎቹም ሥራ ይስተጓጎላል።

የእንዲህ ዓይነት መስመር ብልሽቶች በአብዛኛው ከጥቂት ምክንያቶች ይነሳሉ። ሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሐዲዱ በጎማዎቹ በኩል ስለሆነ፣ በሐዲዱ ላይ የተቀመጠ ቀጭን አቧራ እንኳ ባቡሩን ሊያቆመው ይችላል። ሐዲዱ የተነጠፈበት እንጨት በእርጥበት ሲያብጥና ሲደርቅ መጋጠሚያዎቹ ይላቀቃሉ ወይም ይጣመማሉ። በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት በጥቂቱ ከተዛባ ፉርጎው ሐዲዱ በሚከፈልበት ቦታ ላይ ይወድቃል። መስመሩ ዞሮ ወደ ራሱ በሚመለስበት ቦታ ደግሞ የግራና የቀኝ ሐዲድ ተገናኝተው ሾርት ይፈጥራሉ፤ ስለዚህ ያ ክፍል በሁለቱም ጫፍ ተቆርጦ ለብቻው ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ ይደረጋል። መስመሩ በሰፋ ቁጥር እነዚህ ቦታዎች ስለሚበዙ፣ የጥገናው ሥራ ከግንባታው ያላነሰ ጊዜ ይወስዳል።

አለን «ታይምሴቨር» የተባለውን የፉርጎ ማዘዋወር እንቆቅልሽም ፈጥሯል። እንቆቅልሹ በአጫጭር ሐዲዶችና በ5 የሐዲድ መቀየሪያዎች የተሠራ ነው። ተጫዋቹ በአንድ ሞተር እየገፋና እየጎተተ እያንዳንዱን ፉርጎ በአጭር ጊዜ ወደ ተመደበለት ቦታ ማድረስ አለበት። በ1972 በመጽሔት የታተመ ሲሆን እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል።

ሞትና ቃጠሎ

አለን በ59 ዓመቱ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1973፣ በልብ ድካም ሞተ። በዚያን ጊዜ ትልቁ መስመር ለመጠናቀቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከ10 ቀን በኋላ በቤቱ ውስጥ የተነሳ እሳት አብዛኛውን ክፍል አጠፋው። ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ የወሰደው ሦስተኛው መስመር ሠሪው ያሰበውን ፍጻሜ ሳያይ ቀረ።

ቅርስ

መስመሩ ቢጠፋም አለን ፎቶግራፍ አንሺ በመሆኑ ሥራውን በየደረጃው በካሜራ መዝግቦ ነበር። «ሞዴል ሬልሮደር» የተባለው መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ሊን ዌስትኮት ስለ አለንና ስለ መስመሩ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ መጽሐፉ የታተመው ዌስትኮት ከሞተ በኋላ በ1981 ነው። ከወለል የሚነሱ ተራሮች፣ ያረጁና የዛጉ ባቡሮች፣ በሥራ ክፍፍል የሚንቀሳቀሱ መስመሮች ዛሬ በብዙ አገር ሞዴል ሠሪዎች ዘንድ የተለመዱ ናቸው። ብዙዎቹን የሚያስተዋውቁት ፎቶግራፎችና ጽሑፎች የተገኙት ከዚያ ከተቃጠለው ምድር ቤት ነው።