ቅጠሉና መርማሪው፤ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሕይወት

በምሥራቅ አዲስ አበባ ወደ ሾላ ገበያ ጎራ ያለ ሰው ጤና አዳሙን፣ ዳማ ከሴውንና እንዶዱን በየመደቡ ተዘርግቶ ያገኘዋል። ከገዢዎቹም መካከል ከቦሌ ፎቆች የወረደ ወጣት ሠራተኛ አይታጣም። የሥራው ብዛት፣ የኑሮው ውድነትና የአለቃው ቁጣ እንቅልፍ ሲነሱት፣ ጭንቀትና ድብርትን የሚያርቅ ቅጠል ይኖር እንደ ሆነ ይጠይቃል። ቅጠል መኖሩስ አያከራክርም፤ የሚያከራክረው ማን መረመረው የሚለው ነው። ስለዚህም ዛሬ የአገራችንን ቅጠል በሳይንስ ሚዛን ላይ በማስቀመጥ ስማቸው የተጠራውን የዶክተር አክሊሉ ለማን ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ዶክተር አክሊሉ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. ተወለዱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ወደ አሜሪካ ተሻግረው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። የትምህርታቸው መስክ ቢልሃርዚያን የመሳሰሉ በጥገኛ ተሕዋስያን የሚመጡ በሽታዎች ነበር። የቢልሃርዚያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ያጠፋ የበሽታውን መንገድ ይቆርጣል ማለት ነው።

በ1964 ዓ.ም.፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው፣ በአድዋ ወንዝ ዳር ሲዘዋወሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የቀንድ አውጣው ሬሳ ተከምሯል፤ ከፍ ብሎ ያለው ግን በሕይወት አለ። ከሴቶቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ ለምነው፣ በዕቃ ውስጥ ባኖሩት ሕያው ቀንድ አውጣ ላይ አስደፉበት። ቀንድ አውጣው ሞተ። እንዶድን እናቶቻችን ስንት ዘመን አጥበውበታል! ከውኃው በታች ምን እንደ ደረሰ ግን የጠየቀ አልነበረም። የተማረ ሰው ሥራ ከዚህ ላይ ይጀምራል።

ዶክተር አክሊሉ ባዩት ነገር ብቻ አልረኩም። በ1966 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው ትምህርት ቤት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው የእንዶድ ንጥረ ነገር በአሜሪካ ቤተ ሙከራ ተለይቶ ሲታወቅ፣ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ብዙውን የእንዶድ ዘር አወዳድረው፣ ቁጥር 44 የተባለውን ብርቱ ዓይነት መረጡ። ከ1969 እስከ 1974 ዓ.ም. በአድዋ በተደረገው ሙከራ በበሽታው የተያዘው ሕዝብ ከመቶ 63 ወደ 33 ወረደ፤ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 ወደ 7 ዝቅ አለ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዓለም ቶሎ አላመነም። በውድ ዋጋ የሚሸጠው የፋብሪካ መድኃኒት ተቀባይነት ሲኖረው፣ የእንዶድ መርዛማነት በታወቁ ቤተ ሙከራዎች አልተጣራም ተብሎ ሥራው ለብዙ ዓመታት ተጓተተ። ዶክተር አክሊሉ በዚህ አዝነዋል፤ የአፍሪካ ሊቅ ያገኘው ነገር በአፍሪካ ሊቅ ስለ ተገኘ ብቻ መናቅ የለበትም ብለው ተከራክረዋል። ነገር ግን ምርመራውን አልሸሹም። በካናዳ የምርምር ድርጅት ድጋፍ ፈተናው ተካሄደ። በ1989 ዓ.ም. እርሳቸውና ለገሠ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የስዊድን ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚያም ሌላ ፈተና መጣ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንዶድ የአሜሪካን የውኃ ቧንቧዎች የሚደፍን የቀንድ አውጣ ዘመድ እንደሚገድል ታወቀ፤ የፈጠራ መብቱም በዚያው አገር ለቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበ። የአድዋ ሴቶች ዕውቀት የማን ነው? የሚል ክርክር ተነሣ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዓ.ም. ዐረፉ። ኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚጠብቀውን አዋጅ ቁጥር 482 ያወጣችው በ2006 ዓ.ም. ነው። አዋጁን የሚያስፈጽመው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም እነሆ በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በየካ ይገኛል።

አሁን ወደ ጭንቀታሙ ወጣት እንመለስ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የአገር ቅጠሎች ጭማቂ ለጭንቀትና ለድብርት በአይጥ ላይ ይፈተናል። ከፍ ብሎ በተሠራ፣ ሁለት ክንዱ ግድግዳ በሌለው መተላለፊያ ላይ አይጢቱ ወደ ገላጣው ከደፈረች ፍርሃቷ ቀንሷል ይባላል። ይሁን እንጂ አይጥ የአለቃ ቁጣ አታውቅም፤ ከእርሷ እስከ ሰው ያለው መንገድ ረጅም ነው። በደጋችን የሚበቅለው የአምጃ የአውሮፓ ዘመድ በጀርመን አገር ለቀላል ድብርት በሰው ላይ ተፈትኖ ጠቅሟል፤ ነገር ግን የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና የወሊድ መከላከያ እንክብልን ኃይል እንደሚያዳክም የታወቀው ኋላ ነው። ለመረጋጋት የሚጠጣው የፓሲፊክ ደሴቶች ካቫም ጉበትን በመጉዳት ተከሷል። ዘመድ ጠቀመ ተብሎ የእኛን አምጃ ሳይመረምሩ መጠጣትም ጥበብ አይደለም።

ከዶክተር አክሊሉ ሕይወት የምንማረው ሁለት ነገር ነው። የእናቶቻችንን ዕውቀት የሚንቅ ምሁር ከወንዙ ዳር ሳያይ ያልፋል፤ ሳይመረምር የሚያመሰግንም ወገኑን ለአደጋ ያጋልጣል። እንግዲህ ተማሪው ይጠይቅ፣ ይመዝን፣ ይመዝግብ፤ ወጣቱ ሹምም ለቤተ ሙከራው የሚሆነውን በጀት በፋይል ሥር አያስተኛው። ጭንቀት የጠናበት ወንድማችን ደግሞ ቅጠሉ እስኪመረመር አይጠብቅ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።