ከሆሊውድ ደጅ ተመልሶ ሆሊውድን ያሸነፈው ብሩስ ሊ

በየሠፈሩ ቪዲዮ ቤት የካራቴ ፊልም እያየ ያደገ ሰው ብሩስ ሊን አይረሳውም። ፈጣን እጁ፣ ጩኸቱና በሰንሰለት የተያያዙት ሁለት ዱላዎቹ ዛሬም በዓይነ ኅሊና ይመጣሉ። ይህን ሁሉ ዝና ያተረፈለት ግን በመሪ ተዋናይነት ሠርቶ የጨረሳቸው አራት የኩንግ ፉ ፊልሞች ብቻ ናቸው። ወደነዚህ ፊልሞች ያደረሰው መንገድም አልጋ በአልጋ አልነበረም።

ብሩስ ሊ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 1940 በአሜሪካ፣ ሳንፍራንሲስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሊ ሆይ ቹን የካንቶን ኦፔራ ተዋናይ ሲሆን፣ በወቅቱ ከነባለቤቱ ለሥራ አሜሪካ ነበር። ቤተሰቡ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሆንግ ኮንግ ተመለሰ። ከተማዋ በ1941 መጨረሻ በጃፓን ጦር ስለተያዘች የብሩስ ሕፃንነት በወረራ ሥር አለፈ። ገና በጨቅላነቱ ፊልም ላይ የታየው ይህ ልጅ፣ 18 ዓመት እስኪሞላው ወደ 20 በሚጠጉ ፊልሞች ተውኗል።

በትምህርቱ ደካማ፣ በሠፈር ጠብ ግን የታወቀ ነበር። በ13 ዓመቱ ገደማ ዪፕ ማን ከተባለው መምህር ዘንድ ዊንግ ቹን የተሰኘውን የኩንግ ፉ ስልት መማር ጀመረ። በ1958 ደግሞ የሆንግ ኮንግን የቻ ቻ ዳንስ ውድድር አሸነፈ። ጠቡ እየከፋ ሲሄድ ቤተሰቡ በ1959 ወደ አሜሪካ ላከው። በኪሱ የነበረው 100 ዶላር ነው።

በሲያትል ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ በአስተናጋጅነት እየሠራ ትምህርቱን ቀጠለና በ1961 ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ኩንግ ፉ ማስተማርም ጀመረ፤ ተማሪዎቹን በዘር አይለይም ነበር፤ ነጩም ጥቁሩም ይማር ነበር። በ1964 ከተማሪዎቹ አንዷ የነበረችውን ሊንዳ ኤመሪን አገባ። በዚያው ዓመት በሎንግ ቢች የካራቴ ውድድር ላይ ከአንድ ኢንች ርቀት በሰነዘረው ቡጢ ተመልካቹን አስደነቀ፤ ወሬውም ሆሊውድ ደረሰ።

በ1966 በተጀመረው “ዘ ግሪን ሆርኔት” የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የጀግናውን ሾፌርና ረዳት ካቶን ሆኖ ሠራ። ድራማው ከ26 ክፍሎች በኋላ ሲቋረጥ፣ እንደ ስቲቭ ማክዊንና ጄምስ ኮበርን ያሉ ዝነኞችን እያሠለጠነ ኑሮውን ገፋ። ከተለያዩ ስልቶች የሚጠቅመውን አውጣጥቶም ጂት ኩን ዶ የተባለ የራሱን ስልት መሠረተ። በ1970 ክብደት ሲያነሳ ወገቡ ተጎድቶ ለወራት አልጋ ላይ ዋለ። ጊዜውን ግን በማንበብና በመጻፍ ተጠቀመበት።

እስያዊ መልክ ላለው ሰው የመሪነት ሚና የሚሰጥ የአሜሪካ አምራች ግን አልተገኘም። ስለዚህ በ1971 ጎልደን ሃርቨስት ከተባለው የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ጋር በ15,000 ዶላር ለሁለት ፊልሞች ተዋዋለ። የመጀመሪያው “ዘ ቢግ ቦስ” የሆንግ ኮንግን የገቢ ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ሰሞን “ኩንግ ፉ” ለተሰኘው የአሜሪካ ድራማ ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ የሻኦሊኑ መነኩሴ ሚና ለነጩ ዴቪድ ካራዲን ተሰጠ። ብሩስ ግን በ1972 “ፊስት ኦፍ ፊዩሪ”ን ሠራ። ቀጥሎም ራሱ ጽፎ ባዘጋጀው “ዌይ ኦፍ ዘ ድራገን” በሮም ኮሎሲየም ከቸክ ኖሪስ ጋር የገጠመበትን ዝነኛ ትዕይንት አበረከተ።

አሁን ሆሊውድ ራሱ መጣ። ዋርነር ብራዘርስ ከጎልደን ሃርቨስት ጋር በ850,000 ዶላር ገደማ “ኤንተር ዘ ድራገን”ን ሠራ። ብሩስ በሜይ 10 ቀን 1973 ለዚሁ ፊልም ድምፅ ሲቀዳ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ሐኪሞች አንጎሉ ማበጡን አረጋገጡ። ለጊዜው ቢያገግምም፣ ጁላይ 20 ቀን ለራስ ምታት የሕመም ማስታገሻ ወስዶ ጋደም እንዳለ አልነቃም። ዕድሜው ገና 32 ነበር። ምርመራው የአንጎል እብጠቱን ከመድኃኒቱ ጋር ቢያያይዘውም ክርክሩ አልቆመም፤ በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ምናልባት ኩላሊቱ የጠጣውን ውኃ ማስወገድ ሳይችል ቀርቶ ይሆናል ብሏል።

“ኤንተር ዘ ድራገን” በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የታየው በቀጣዩ ወር ነው። ፊልሙ የወጣበትን ገንዘብ ብዙ እጥፍ አስገኘ፤ ተዋናዩ ግን ሲያትል ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ልጁ ብራንደን ሊም በ1993 ፊልም ሲሠራ በተተኮሰ ሽጉጥ በ28 ዓመቱ ሞቶ ከአባቱ ጎን አርፏል። ብሩስ በሕይወቱ ያላየውን ድል ያዩት ተከታዮቹ ናቸው። በፊልሞቹ ላይ በአደገኛ ትዕይንቶች ይሠራ የነበረው ወጣት ጃኪ ቻን ከዓመታት በኋላ ሆሊውድ በመሪ ተዋናይነት ተቀብሎታል።